የነጋሪቱ ዋጋ

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ታትሞበታል፤ ማዕዘኑን ሻይ ነክቶታል። ሦስተኛው ገጽ አናት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዋግሹም» ይላል። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ተሰርዟል። ከዚያ በታች ሌላ ተጽፎ ተሰርዟል። ሦስተኛው በቀይ ተሰርዟል። አራተኛው ሳይሰረዝ ቀርቷል። ሳምንቱን ሙሉ እነዚህን አራት ዐረፍተ ነገሮች ሳገላብጥ ከረምኩ። ብዙ የተለፋበት ሥራ አይቻለሁ፤ ልፋቱ እንዲህ ወለል ብሎ የሚታይበት ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ባለ ደብተሩ የእህቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ዋግ ኽምራ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ፣ አስከተማ ነው። አሁን አዲስ አበባ ይማራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እኔ ቤት ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ሻይ፣ ቆሎ፣ እርሳስና ገጻቸው የተለያየ ዳይሶች ይዘረጋሉ። ዳይስ ሲጥል በኽምጣኛ የሚያጉተመትመው ነገር አለ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን እስካሁን አልነገረኝም።

የምንጫወተው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በኋላም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጨዋታ ነው። አንዱ ተረቱን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «በሩን እሰብረዋለሁ»፣ «ከኋላው እዞራለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚቆርጠው ዳይስ ነው። ተረት ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ዝም የሚልበት ሳይሆን ተነሥቶ ጅቡን የሚገጥምበት ተረት ነው በሉት። የቤታችን መሪ እኔ ነኝ። ጅቡም እኔ ነኝ።

ገጸ ባሕርዩ የሚችለውንና የማይችለውን የሚወስነው ሙያው ነው። ልጆቹ «ክላስ» ይሉታል፤ እኔ ሙያ ብለው ይጥመኛል። መጀመሪያ የወጣው ጨዋታ ሦስት ሙያ ብቻ ነበረው፦ ጦረኛ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በማግስቱ ዓመት ተጨመረ። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም መጽሐፍ 12 ሙያ ይዟል። አሥራ ሁለቱ ያልበቃው ሰው የራሱን ይጽፋል፤ በዓለም ዙሪያ የሚጻፈው ሙያ ስፍር ቁጥር የለውም። ብዙ ሰው ይጽፋል፣ ጥቂት ሰው ይሰርዛል። የእህቴን ልጅ ደብተር የወደድኩት ስለ ተጻፈበት አይደለም፤ ስለ ተሰረዘበት ነው።

ዋግሹምን ለምን እንደ መረጠ መጠየቅ አያስፈልግም። የዋግ ልጅ ነዋ። ትውፊቱን አያቱ ነግራዋለች፤ ዛጔዎች በ1270 ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ የዘራቸው ወራሽ ዋግሹም ተብሎ ዋግን ይዞ እንዲቀመጥ፣ ነጋሪት እንዲያስመታ፣ ሌላው ሹም እጅ ነሥቶ በሚቆምበት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እሱ በወንበር እንዲቀመጥ ቃል ተገባለት ይባላል። ስንቱ ታሪክ፣ ስንቱ ትውፊት እንደ ሆነ ለባለሙያ ልተወው። ለጨዋታ ሠሪ ግን ይህ የተዘጋጀ ጥሬ ዕቃ ነው፦ አንድ ማዕረግ፣ ሁለት መብት፣ ነጋሪትና ወንበር። ልጁ በመጀመሪያ ነጋሪቱን ብቻ አየ። ወንበሩን ለማየት ሦስት ስርዝ ፈጀበት።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ዋግሹም ነጋሪቱን ሲያስመታ ወዳጆቹ ሁሉ ወዲያው አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ።»

ሲነበብ ያምራል። ሲጫወቱበት ጠረጴዛውን ይገለብጠዋል። ለምን እንደሚገለብጠው በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥር የማይወድ አንባቢ ይታገሠኝ፣ እንደ ጤፍ ሂሳብ ቀላል ነው።

በዚህ ጨዋታ ዋናው ሀብት ጉልበት አይደለም፤ ተራ ነው። በአንድ ዙር እያንዳንዱ አንድ ተራ አለው፤ በተራው አንድ ዋና እርምጃ ይወስዳል። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ጦረኛ በአንድ እርምጃ ሁለት ጊዜ ይመታል። የእኛ ጦረኛ በአንድ ምት በአማካይ 8 ተኩል ያደርሳል፤ ሁለቱም ከያዙለት 17። ካህኑ በዱላው አንዴ ይመታል፣ 5 ተኩል። ሌባው በሻሞላው አንዴ ይመታል፤ ነገር ግን ጠላት በሌላ ሰው ተይዞ ሳለ ከጎን ስለሚወጋ ተጨማሪ ሦስት ዳይስ ይጥላል፣ በድምሩ 19። እንግዲህ ዋግሹሙ አንድ ጊዜ ነጋሪት ሲያስመታ ሦስቱም በአንዴ ይነሣሉ፦ 19፣ 8 ተኩልና 5 ተኩል። ሠላሳ ሦስት። ጦረኛው በገዛ ክንዱ 17 ሲያደርስ ይህኛው እጁን ሳያነሣ እጥፉን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እዚህ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ቃል አለች። የሌባው ተጨማሪ ሦስት ዳይስ በመጽሐፉ የተፈቀደው በአንድ «ተራ» አንድ ጊዜ ነው፤ በአንድ «ዙር» አይልም። ስለዚህ ሌባው በራሱ ተራ ይወጋል፤ ነጋሪቱ ሲመታ ደግሞ ተራው የዋግሹሙ ስለ ሆነ እንደገና ይወጋል። ሕግ አልጣሰም። «ዙር» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል ብዬ እገምታለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሞከርነው። ኦገር የሚባል ግዙፍ ፍጡር አወጣሁባቸው፤ ነፍሱ 59 ነው። የአራቱ አንድ ዙር ሁሉም ምት ከያዘ በአማካይ 74 ተኩል ይሆናል። ኦገሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደቀ። በዋግሹሙ ቦታ ሌላ ጦረኛ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 58 ተኩል ነበር፤ ኦገሩ በግማሽ ነጥብ ነፍሱ ተርፋ አንድ ጊዜ ዱላውን ያነሣ ነበር። ያቺ አንድ ዱላ ናት ጨዋታው። ጦረኛውን የያዘው ልጅ ስልኩን አወጣ። ስልክ ሲወጣ ሚዛኑ እንደ ተሰበረ አውቃለሁ፤ ለጨዋታ መሪ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

«ጋሼ፣ በዝቷል አይደል?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ኩባያ ስናነሣሣ።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«እሱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ አየሁት» አለ። ስለ ኦገሩ አላነሣም። የወደፊት ሠሪነቱን ያኔ ጠረጠርኩ።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የሰነፍ መድኃኒት ነው፦ ያው ሆኖ መጨረሻው ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ተጨምሮበታል። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህን ነው። ነገሩ ከበዛ በቁጥር ይገድበዋል። ግን በቀን አንዴ የሚመታ ነጋሪት ሁለት በሽታ አለው። አንደኛ፣ ባለቤቱ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጠውና ክፉ ቀን ሳይመጣ ይመሻል። ሁለተኛ፣ ከመታው ደግሞ ያቺ ቅጽበት እንደ መጀመሪያው ሁሉ የተበላሸች ናት፤ ቀሪው ቀን ባዶ ነው። መጥፎ ወጥ በትንሽ ሰሃን ቢቀርብ ወጡ አልተስተካከለም። ይህን ራሱ ደርሶበት ሰርዞታል፤ እኔ ምንም አላልኩም።

ሦስተኛው ላይ መጽሐፍ ማገላበጡ ያስታውቃል። ጦረኞች ውስጥ የጦር መሪ የሚሆን ዓይነት አለ፤ ከሁለት ምቱ አንዱን ይተዋል፣ ትንሿን ተጨማሪ እርምጃውንም ይሰጣል፣ ካለችው ጥቂት የስልት ዳይስ አንዱን ያወጣል፤ በዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ወዳጁን ብቻ እንዲመታ ያዛል። የታዘዘውም በነጻ አይመታም፤ በዙር አንዴ ብቻ ያለችውን «ምላሽ» ይከፍላል። የእህቴ ልጅ ይህን ቃል በቃል ወስዶ ነጋሪት ብሎ ሰይሞታል። አስልቼዋለሁ፤ ሚዛኑ የተስተካከለ ነው። በቀይ የሰረዘው ግን ይህን ነው። ከጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት የጻፈውን ሳነብ ደብተሩን ዘጋሁት፤ «ልክ ነው፤ ግን ዋግሹም አይደለም» ይላል።

ልክ የሆነን ነገር መሰረዝ ቀላል አይደለም። ሸማኔ የተበጠሰ ድር ሲያይ ይፈታል፤ ድሩ ደህና ሆኖ ጥለቱ የሌላ አገር ሲመስለው የሚፈታ ግን ስንት ነው? በነገራችን ላይ ባለሙያ የሚባሉትም ይሳሳታሉ። በዚያው በ2014ቱ መጽሐፍ አውሬ አስከትሎ የሚሄድ አዳኝ ነበር። አውሬው እንዲመታ አዳኙ የራሱን ዋና እርምጃ መስጠት ነበረበት፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው እንደ አንድ ሰው ይዋጉ ነበር። ተኩላ ይዞ የሚዞር ሰው ተኩላ ባይኖረው ይሻለው ነበር ማለት ነው። በ2020 በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ነገሩ ተስተካከለ፤ ትእዛዙ በትንሿ ተጨማሪ እርምጃ እንዲሆን ተደረገ። አንዲት ቃል ለማረም ስድስት ዓመት። የእኛው ልጅ በአራት ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ሰርዟል።

አራተኛው ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ግን ሌላ ጨርቅ መዘርጋት አለብኝ።

ቤቴ ውስጥ አንድ ቀይ ጨርቅ አለ፤ ጥቁር መስመር ስምንት በስምንት የከፈለው። የአገራችን ሰንጠረዥ መጫወቻ ነው። እንደ ፈረንጅ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ሁሉም ቤት አንድ መልክ ነው። ሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር መንገድ ዓይንህ ራሱ ማስመር አለበት። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፏል፤ ከሱ በፊት ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከዋግ ማዶ ትግራይ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ ነበሩ ይባላል። ዛሬ የሚጫወተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ለልጁ ያስተማርኩት ክረምት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ነው።

ከሁሉ ያስገረመው ፊሉ፣ ዝሆኑ ማለት ነው፣ ነበር። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፈረሱ፣ ደሩ፣ መደቁ ሁሉም አካሄዳቸው ወዲያው ይገባል። ፊሉ ግን በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከመካከል ያለውን ጠጠር ምንም ይሁን ምን አይነካውም። «እንግዲህ የት የት ይደርሳል?» አልኩትና አንድ እፍኝ ሽምብራ ሰጠሁት። ፊሉ ሊያርፍበት በሚችለው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ሽምብራ እያስቀመጠ ሄደ። ስምንት ላይ ቆመ። እንደገና ሞከረ፣ ስምንት። ከ64 ቤት ዕድሜ ልኩን የሚረግጠው ስምንቱን ብቻ ነው። ከዚያ የሌላውን ፊል ቤት በባቄላ ቆጠረ፤ ሌላ ስምንት። የጠላትን ሁለት ፊሎችም ጨመረ። ሠላሳ ሁለት ቤት ሞላ፤ አንዱም ከአንዱ አልተደረበም። አራቱ ፊሎች አንድ ሜዳ ላይ ኖረው አንዱ ሌላውን በጭራሽ አይነካውም።

ልጁ ለረጅም ጊዜ ሽምብራና ባቄላውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጣቱን ንጉሡ በሚነሣበት ቤት ላይ አኖረ። ሽምብራም ባቄላም የለበትም። የማንኛውም ወገን ፊል በመነሻ ቤቱ የተቀመጠን ንጉሥ ሊያስደነግጥ አይችልም። ወንበሩ ላይ ያለ ንጉሥ ከዝሆን ይጠበቃል፤ ከተነሣ ግን ራሱ ያውቃል። ይህን ማንም አስቦ ያስቀመጠው ላይሆን ይችላል፤ ከሕንድና ከፋርስ ከመጣው ጥንታዊ አካሄድ የተወረሰ ሒሳብ ነው። ሆኖም መልካም ሥራ እንዲህ ነው፤ ሠሪው ያላሰበው ልክ እንኳ ውስጡ ይገኛል።

ስለ ሰንጠረዥ አንድ ሁለት ነገር ሳልጨምር ወደ ደብተሩ አልመለስም። በፈረንጁ ቼዝ ነጩ ቀድሞ ስለሚነሣ ይጠቀማል፤ በታላላቅ ውድድሮች ነጥቡ ሲደመር ከመቶው ከ52 እስከ 56 የሚሆነውን ነጩ ይወስዳል። በእኛ ጨዋታ መጀመሪያው ወረራ ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ እጅ በእጅ ላይ እያሳለፉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን እየለወጠ ያሰልፋል። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ የመነሣት ትርፍ በሕግ አልተቀነሰም፤ ከሥሩ ተነቀለ እንጂ። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ይበልጥ እወደዋለሁ። ደሩ ኃይለኛ ነው፤ ንጉሥን በደር መግደል ቀላል ነው። ኃይሉን ማንም አልቀነሰበትም። ግን በደር ማት ያደረገ ሰው ብዙ አይጨበጨብለትም። በፊልና በፈርዝ ያደረገ ይመሰገናል። በመደቅ ያደረገ ስሙ ይነሣል። ንጉሡን ራቁቱን ያስቀረ ደግሞ አላሸነፈም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም፣ ጨዋታው እኩል ይሆናል። አንድ ባለማዕረግ ብቻ ከጎኑ ከቀረ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማት ማድረግ ግዴታ ነው። በርትቶ የሄደው ላይ ሕጉ ሸክም ይጭንበታል። በዚህ ሁሉ መሐል ተመልካቹ ዝም አይልም፤ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስም ይህንኑ ጽፏል። ምክር ይዘንባል፣ ስድብ ይዘንባል።

አሁን አራተኛውን ዐረፍተ ነገር አንብቡት። እንደ ጻፈው አስቀምጠዋለሁ፦

«ዋግሹም ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። እስከሚቀጥለው ተራው ከቦታው አይነሣም፤ የሚመታው ጠላት ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ተቀምጦ ሳለ በሦስት ሜትር ውስጥ ያለ ወዳጅ አይፈራም። በእርምጃው ነጋሪቱን ካስመታ እስከ ሁለት ወዳጆች በምላሻቸው አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ። ባለፈው ዙር የተጠራ በዚህኛው አይጠራም።»

ከመጨረሻው ልጀምር። «ባለፈው ዙር የተጠራ በዚህኛው አይጠራም።» አምስት ቃል ናት። ጠረጴዛችን ላይ ወዳጆቹ ሦስት ናቸው። በአንዱ ዙር ሌባውንና ጦረኛውን ከጠራ በቀጣዩ ካህኑ ብቻ ይቀረዋል፤ ቅደም ተከተሉን እንደ ፈለገ ቢያገላብጠው በሁለት ዙር ሦስቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታሉ። 19፣ 8 ተኩልና 5 ተኩል፤ ሠላሳ ሦስት። በእሱ ቦታ የቆመ ጦረኛ በሁለት ዙር 34 ያደርሳል። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። መጀመሪያ በአንድ ዙር ይደርስ የነበረው ቁጥር ሳይነካ በሁለት ዙር ላይ ተዘረጋ። እርሳስ ይዤ ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ከዚያ ልጁን ደውዬ «አስልተህ ነው ወይስ ዕድል?» አልኩት። «አስልቼ ነው ጋሼ፤ ግን የመጣልኝ እናቴ እንግዳ ስታስተናግድ ነው» አለ። «ሁለተኛ ቡና ሳትቀዳ ሁሉም አንደኛውን ማግኘቱን ታያለች።»

ምላሽ የሚለውን ቃል ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር አስቀርቶታል፤ ጥሩ አደረገ። አምስተኛ ደረጃ ላይ ሌባው በምላሹ የሚመጣበትን ምት በግማሽ የማስቀረት ችሎታ ያገኛል። ነጋሪት ሰምቶ ከወጋ በዚያ ዙር ያን አያደርግም። ዋጋውን ታዛዡም ይከፍላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዋግሹሙ ከመጥራቱ በፊት «ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ በሕጉ አልተጻፈም። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁልጊዜ ይባላል። ሁለት ተጫዋቾች እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ሕግ ብርቅ ነው።

ወንበሩ ደግሞ አለ። ወዳጅ እንዳይፈራ የሚያደርግ ጸጋ በመጽሐፉ ፓላዲን ለሚባለው ሙያ የተሰጠ ነው፤ እሱም የሚያገኘው አሥረኛ ደረጃ ሲደርስ ነው። እዚህ አምስት ደረጃ ቀድሞ መጥቷል። ቀድሞ ለመጣ ነገር ብድሩ መከፈል አለበት፤ የሚከፈለው በወንበሩ ነው። ጠላት ከሁለት አንድ ጊዜ የሚያገኘው ከነበረ አሁን ከአራት ሦስት ጊዜ ያገኘዋል። ፓላዲን እየተንቀሳቀሰ ያጽናናል፤ ዋግሹም ተቀምጦ፣ እየተመታ ያጽናናል። በትውፊቱ ወንበሩ ክብር ብቻ ነበር። ልጁ ክብሩን ሳይነካ አደጋ አደረገው። ሌላው ሁሉ ሲሯሯጥ አንዱ ተቀምጦ የሚታይበት ሜዳ ማንንም ዒላማ ያደርጋል። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ያልነበረው ይህ ነው። ነጋሪቱን ማንም የጦር መሪ ሊያስመታ ይችላል፤ የሚያስቀምጠው ወንበር ያለው ግን የዋግ ሰው ነው። ሽምብራውና ባቄላው ያስተማረው ይህን ይመስለኛል፤ ጠጠሩን ጠጠር የሚያሰኘው የሚረግጠው ስምንት ቤት ሳይሆን የማይረግጠው ሃምሳ ስድስት ነው።

ሲጫወቱበት አየሁት። አንድ ቅዳሜ ዋሻ አፍ ላይ ወንበሩን ዘረጋ፤ ጦረኛው ሳይነገረው መጥቶ ከፊቱ ቆመ። ስልክ አልወጣም። አንድ ጊዜ ደግሞ በጣም ብዙ ጥቃቅን ጠላት አወጣሁባቸው፤ ተቀምጦ ሳለ ከበቡት። የታሪክ ፍቅር ስላለው ሲወድቅ «ልክ እንደ ጎበዜ» አለ። ዋግሹም ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1868 ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ናቸው፤ በ1871 አሰም ላይ በካሳ ምርጫ ተሸነፉ። «ጎበዜማ ብዙ ጦር የነበራቸው እሳቸው ነበሩ» አልኩት፤ «ካሳ በቁጥር ያነሱ ነበሩ፤ እንግሊዝ ትቶላቸው የሄደው መሣሪያ ነው ያበለጣቸው።» ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ያ ጨዋታ መሪው ያልፈተሸው ዕቃ ነበር» አለ።

አሁን ስለ ስሕተቱ። አለበት። ደብተሩ ገጽ ሰባት ላይ፣ አሥራ አንደኛ ደረጃ፦ «ነጋሪቱ ሦስት ወዳጅ ይጠራል፤ ባለፈው ዙር የተጠራም ይጠራል።» አሥራ አንደኛ ላይ ጦረኛው በአንድ እርምጃ ሦስት ጊዜ ስለሚመታ ዋግሹሙም አብሮ ማደግ አለበት ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያ ደረጃ የሌባው ተጨማሪ ዳይስ ስድስት ሆኗል፤ አንዱ ምቱ ብቻ ከ30 ያልፋል። ያ አምስት ቃል ከተነሣ የተመለስነው ወደ መጀመሪያው የተሰረዘ መስመር ነው፤ ይባስ ብሎ። ሲደክም የተጻፈ ገጽ ያስታውቃል። ጽሕፈቱም ሰፍቷል፤ ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል፤ ስርዝ የሚባል የለበትም። ስርዝ የሌለበት ገጽ አላምንም።

ሌላም ትንሽ ነገር አለችኝ። ወንበሩን ለመዘርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አልተጻፈም። በነጻ ነው? ከጉዞው ግማሹን ይበላል? እስካሁን ማንም አልጠየቀም፤ የሚጠይቅ ቀን ግን ይመጣል፤ ያውም ኦገሩ ደጅ ሲደርስ። እኔ ብሆን ግማሽ ጉዞ አስከፍለው ነበር።

ደብተሩን ቅዳሜ እመልስለታለሁ። በእርሳስ የጻፍኩበት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ገጽ ሦስት ላይ፦ «ዋግሹም በዚህ ጠረጴዛ እስከ አሥረኛ ደረጃ ተፈቅዷል።» ገጽ ሰባት ላይ፦ «ይህን ሰርዘው።»